ነሐሴ 10 እና የከዚራው መቶ ሜትር

ነሐሴ 10 ቀን 2000 ዓ.ም. ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ድሬዳዋ ከዚራ በሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ የቤጂንግ ኦሊምፒክን የ100 ሜትር ፍጻሜ ስጠብቅ ልቤ ሌላ ዘንድ ነበር። በዋዜማው ጥሩነሽ ዲባባ የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወስዳለች፤ ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ የሚሮጠው በማግስቱ ነው። መቶ ሜትሩ ለእኔ በሁለት ትልልቅ ቀኖች መካከል የተገኘ የጊዜ ማሳለፊያ ነበር። ዩሴን ቦልት የአንድ እግሩ ጫማ ክር ተፈትቶ፣ መስመሩ ጋ ሳይደርስ እጁን ዘርግቶና ደረቱን መትቶ በ9.69 ሰከንድ ሲገባ፣ አጠገቤ የነበሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው "አንተ፣ ይሄ ልጅ እኮ ገና ሮጦ አልጨረሰም!" አሉኝ። ልክ በዓመቱ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2001 ዓ.ም. ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ በዚያው ሻይ ቤት ሆነን በበርሊኑ የዓለም ሻምፒዮና 9.58 ሲሮጥ አየን። የራሱን ክብረ ወሰን በአንድ ውድድር በ0.11 ሰከንድ አሻሻለ። እኚያ አባት ትክክል ነበሩ።

በሙያዬ ቀያሽ ነኝ፤ ያልለካሁትን ነገር አውቀዋለሁ ማለት ይከብደኛል። የዚህን ሰው ሩጫ ከጭብጨባ አልፌ ልረዳው ከፈለግሁ እንደ መሬት ልለካው ይገባል ብዬ በማግስቱ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ገዛሁ፤ ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓትና ተቀናቃኝ የሚሉ ዓምዶችንም አሰመርኩበት።

የመጀመሪያው ስሕተቴ በራሴ ጣት መተማመኔ ነበር። የውድድሩን ቅጂ እያየሁ በስልኬ ሰዓት ስይዝ 9.3 እና 9.4 እየወጣ ግራ አጋባኝ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ተኩሱን ሰምቶ አዝራሩን የሚጫን ጣት ሁልጊዜ ይዘገያል፤ ሯጩ ወደ መስመሩ ሲቃረብ ግን ዓይን አስቀድሞ ስለሚያየው ጣቱ አይዘገይም። በ100 ሜትር በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒኩ ጋር ሲነጻጸር 0.24 ሰከንድ የሚጨመርበት ለዚህ ነው፤ በቦልት ፍጥነት ደግሞ 0.24 ሰከንድ ወደ ሦስት ሜትር የሚጠጋ ርቀት ነው። ከዚያ በኋላ የነፋስ ዓምድ ጨመርኩ። ከኋላ የሚገፋ ነፋስ በሰከንድ ከ2 ሜትር ካለፈ ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት አይመዘገብም። ቤጂንግ ላይ 9.69 ሲሮጥ ነፋሱ ዜሮ ነበር፤ በርሊን ላይ ከኋላው 0.9 ነበር። የቤጂንጉን 200 ሜትር ግን ነፋስ ፊቱን በ0.9 እየገፋው በ19.30 ጨርሶ፣ ከአትላንታ ኦሊምፒክ ጀምሮ የቆየውን የማይክል ጆንሰንን 19.32 ሰበረ። ይህን ዓምድ ባልጨምር ኖሮ ያ 19.30 ምን ያህል ከባድ እንደነበር አይገባኝም ነበር።

አንድ እሑድ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ባጃጆቹ መንገዱን ሳይሞሉት፣ 50 ሜትር የሚዘረጋ መለኪያዬን ይዤ በዛፎቹ ጥላ ሥር ባለው የከዚራ ጎዳና ጠርዝ መቶ ሜትር ለካሁ። ቦልት በርሊን ላይ መቶውን ሜትር የጨረሰው በ41 እርምጃ ሲሆን፣ ሁለተኛ የወጣው አሜሪካዊው ታይሰን ጌይ ግን ከ45 በላይ አስፈልጎታል። መቶን ለ41 ብናካፍል 2.44 ሜትር ይመጣልና በየ2.44 ሜትሩ በኖራ ምልክት አደረግሁ፤ በጣምም ደስ አለኝ። ይሁን እንጂ ሥራው የተሳሳተ ነበር። ሯጭ ከመነሻው ሲወጣ እርምጃው አጭር ነው፤ ቀስ በቀስ ይረዝምና የቦልት በከፍተኛው ፍጥነቱ ላይ ከ2.7 ሜትር ያልፋል። አማካይን እንደ እውነተኛ እርምጃ መቁጠር አንድን ተዳፋት በአማካይ ከፍታው ሜዳ ነው እንደማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ እኔ ማወቅ ነበረብኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ኖራውን በየ20 ሜትሩ ብቻ አደረግሁና የበርሊኑን ሰዓት ከፋፍዬ በደብተሩ ጻፍኩ፤ 2.89፣ 1.75፣ 1.67፣ 1.61፣ 1.66። በዚህች አንዲት መስመር ላይ ብዙ ቀን ቆይቻለሁ። ሻይ ቤት ውስጥ ሁላችንም "መጨረሻ ላይ ጨመረ" እንል ነበር፤ የመጨረሻው 20 ሜትር ግን ከእሱ በፊት ካለው የዘገየ ነው። ቦልት ከ80 በኋላ ፍጥነት አልጨመረም፤ ማንም ሰው እዚያ ላይ አይጨምርም። ሌሎቹ ከእሱ በላይ ስለሚቀንሱ ነው ለዓይናችን የሚበር የሚመስለው። ከ60 እስከ 80 ያለው 1.61 ሰከንድ በሰዓት 44.72 ኪሎ ሜትር ነው። የሰፈራችንን የባጃጅ ሾፌር ለምኜ በባዶው ጎዳና በ45 አካባቢ እንዲነዳልኝ አደረግሁና በ60 ምልክት ላይ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ሲያልፈኝ ሸሚዜን ያንቀሳቀሰውን ንፋስ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ሰው በገዛ እግሩ እንዲህ ሄዷል!

ደብተሩ ለረጅም ጊዜ ድሎችን ብቻ የያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ቀድሞ በመነሳቱ ከፍጻሜው ሲሰረዝ ልጽፈው እጄ እምቢ አለኝ። ከሳምንት በኋላ ጻፍኩት፤ ያን ጊዜም የተውኳቸው ሌሎች ቀኖች ትዝ አሉኝ። በ2004 አቴንስ ላይ ከመጀመሪያው ማጣሪያ ወድቋል፤ በ2005 ሄልሲንኪ ላይ በፍጻሜው ተጎድቶ የመጨረሻ ወጥቷል፤ በ2007 ኦሳካ ላይ በጌይ ተቀድሟል። አከርካሪው በተፈጥሮ የተጣመመ በመሆኑ ከአሠልጣኙ ግሌን ሚልስ ጋር ወገቡንና ሆዱን ለማጠንከር ብዙ ደክሟል። እነዚህ ገጾች ከገቡ በኋላ 9.58 ከሰማይ የወረደ ስጦታ መምሰሉን ተወና እኔም ከበፊቱ ይበልጥ አከበርኩት። በ2015 ቤጂንግ ላይ አሜሪካዊውን ጋትሊንን በ9.79 ለ9.80 የቀደመበትን ሩጫ ከክብረ ወሰኖቹ ሁሉ አስበልጬ የምወደውም ለዚህ ነው፤ ያን ቀን በምቾት ሳይሆን ተናንቆ ነው ያሸነፈው።

በ2017 መጀመሪያ የቡድን ጓደኛው ኔስታ ካርተር በአበረታች ቅመም ምክንያት ስለተቀጣ፣ የ2008ቱ የዱላ ቅብብል ወርቅ ከቡድኑ ተነጠቀ። በደብተሬ ሽፋን ላይ የነበረውን የኦሊምፒክ ወርቆቹን ቁጥር፣ 9ን፣ ሳልፍቀው በአንዲት ቀይ መስመር ሰረዝኩና አጠገቡ 8 ጻፍኩ። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ በ9.95 ሦስተኛ ሲወጣ፣ በዱላ ቅብብሉም ጡንቻው ተጎድቶ መሙ ላይ ሲወድቅ፣ እያንዳንዱን በዕለቱ ምሽት መዘገብኩ።

ኖራውን አሁንም አንዳንድ እሑድ አድሳለሁ። ባለፈው አንድ የሰፈር ልጅ መጥቶ "ጋሼ፣ በጣም የፈጠነው የትኛው ጋ ነው?" አለኝ፤ ይዤው ሄጄ በ60 እና በ80 መካከል አቆምኩት። ነጠላ ጫማውን አውልቆ ከ60 ተነሣና እስከ 80 ሮጦ ዞሮ አየኝ። ስልኬ 3.7 ይላል። በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን፣ ነፋስ አለመኖሩንና ሰዓቱ በእጅ የተያዘ መሆኑን ጨምሬ ጻፍኩለት።