ባዶውን የሚንኳኳ ፒካፕ

ዛሬ ለጥገና የመጣው ሃይሉክስ ጭነት ሲይዝ ዝም፣ ባዶውን የለገጣፎ ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ግን ከኋላ ኳ ኳ! እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው ሮጦ ሾክ አብዞርበር ይገዛል። ገንዘብ ማባከን ነው፤ መጀመሪያ የባሌስትራው (ከኋላ መኪናውን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት) ጎሚኒ፣ ማለትም መጋጠሚያው ላይ ያለው ላስቲክ፣ ይታይ።

የፊት ጎማዎቹን አግዱ፣ ሻንሲውን በክሪክ አንስታችሁ በደንብ ደግፉ፣ ከዚያ ረጅም ብረት በባሌስትራው ዓይን (ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት) እና ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ማንጠልጠያ መሃል አስገብታችሁ ነቅንቁ። ብረት ከብረት ከተጋጨ ጎሚኒው አልቋል። የዛሬው አንድ ጎኑ እንደ ወረቀት ሳስቷል፣ በመሃሉ የሚያልፈው ፒንም ተበልቷል። የተበላ ፒን ላይ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት ድምፁን ቶሎ ይመልሰዋል።

ግራሶ አትቀቡት፣ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ብሎኑንም መኪናው ክሪክ ላይ እያለ ጨርሳችሁ አታጥብቁ፤ ሲወርድ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ጎማው መሬት ሲይዝ ነው ማጥበቅ። ዩ ቦልቱ (ባሌስትራውን ከአክሱ ጋር የሚያስረው የU ቅርጽ ብሎን) ተፈትቶ ከነበረ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ እንደገና ይጥበቅ።