የበልግ ዝናብ በሒሳብ ደብተር ላይ፦ የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት በሰሜን ሸዋ

የካቲት ገብቶ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር የመንዝና የጣርማ በር ገበሬ ለበልግ ገብሱ ሰማይ ሰማዩን ያያል። በዚያው ሰሞን ልጁ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ የውሃ ዑደትን ሥዕል ከጥቁር ሰሌዳ ይገለብጣል። ሥዕሉ መገልበጡ ክፋት የለውም። የሚያሳዝነው ዝናቡ ራሱ ውጭ እየጣለ ማንም ሳይለካው መሬት ውስጥ መቅረቱ ነው። ከዚህ እስከ ሰኔ ከሚማሩት አብዛኛው፣ ማለትም አካባቢ ሳይንሱ፣ ክፍልፋዩና አስርዮሹ፣ የአማርኛ ድርሰቱ፣ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሩ፣ በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ዙሪያ ሊሰበሰብ ይችላል።

መሥሪያው እንዲህ ነው። ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ፈልጉ፤ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ቀለበት ቀለበት ያልሆነ ይሁን። አንገቱ መስፋት ጨርሶ ጎኑ ቀጥ ማለት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ቁረጡትና የላይኛውን ክፍል ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ አፉ ላይ አስቀምጡት። ይህ ውሃው ፀሐይ ሲመታው ቶሎ እንዳይተን ያደርጋል። ታችኛው ክፍል ውስጥ ንፋስ እንዳይጥለው ጠጠር ጨምሩ፤ ከዚያ የታችኛው ጎድጓዳ ቅርጽ አልቆ ጎኑ ቀጥ እስኪል ድረስ ውሃ ሙሉበት። የውሃው ልክ ዜሮ ነው፤ በማርከር አስምሩበት፣ የማስመሪያውንም ዜሮ እዚያ ላይ አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉት። ጠጠሩ ሙሉ በሙሉ ከዜሮው በታች መሆን አለበት፤ ከላይ ብቅ ካለ የውሃውን ቦታ ስለሚይዝ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ጠርሙሱን ዛፍ ሥርም ግድግዳ ጥግም አታስቀምጡት። አጠገቡ 3 ሜትር ቁመት ያለው አጥር ካለ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ፍየልና በግ እንዳይገለብጡት ደግሞ በሦስት ችካል ይያዝ። ንባቡ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፤ ጧት 2 ሰዓት፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ ይመቻል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውሃው ልክ ጋር ያስተካክል፣ ቁጥሩን ይጻፍ፣ ከዚያ ትርፉን ውሃ እስከ ዜሮው መስመር ያፍስስ። ሳያፈስስ ከሄደ በማግሥቱ የትናንቱም የዛሬውም ተደምሮ ይነበባል። በረዶ የጣለ ዕለት እስኪቀልጥ መጠበቅ ግድ ነው።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ይመጣል። 4 ሚሊ ሜትር 0.4 ሴንቲ ሜትር ነው። 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ብዙ ልጅ 0.12 ብሎ ይጽፋል፤ ምክንያቱም «ነጥብ አስቀምጥና ቁጥሩን ጻፍ» የሚል ልማድ ይዟል። ማስመሪያው ላይ ጣቱን ሲያስቀምጥ አንዱን ሴንቲ ሜትር አልፎ 2 ሚሊ ሜትር መሄዱን ያያል፤ 1.2 መሆኑ ያኔ ይገባዋል። እኔ አስርዮሽ ሲጀመር ከማስመሪያ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

አማካይ ሲመጣ ሌላ ወጥመድ አለ። የአምስት ቀን ንባብ 0፣ 4፣ 11፣ 0፣ 5 ቢሆን ድምሩ 20፣ አማካዩ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ዜሮዎቹን «ምንም የለም» ብሎ የሚተው ልጅ 20ን ለ3 አካፍሎ 6.7 ገደማ ያመጣል። ያልዘነበበት ቀንም ቀን እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። ቅዳሜና እሑድ ሳይነበብ ካለፈ ደግሞ ዜሮ አይጻፍም፤ ሰረዝ ይደረግበታል፣ የሰኞው ቁጥር የሦስት ቀን ድምር መሆኑም አጠገቡ ይጠቀሳል። ዜሮና «አልተለካም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዚህ ዕድሜ የተረዳ ልጅ ትልቅ ነገር ይዟል። ግራፉን በባለ ካሬ ደብተር ሲሠሩ አንድ ካሬ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 11 ሚሊ ሜትር አምስት ተኩል ካሬ ይሆንና ግማሽም ያለ ድካም ይገባል።

ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ልጆች አንድ ቁም ነገር ልጨምር፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲጥል ልክ 1 ሊትር ውሃ ነው። ቤቱ በ6 ሜትርና በ8 ሜትር የቆርቆሮ ክዳን ካለው ስፋቱ 48 ካሬ ሜትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 480 ሊትር፣ ማለትም 24 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ክዳኑ ላይ ወርዷል። አሸንዳው ላይ የሚፈሰው ስላለ ሁሉም አይጠራቀምም፤ ቢሆንም ውሃ ከሩቅ የምትቀዳ ልጅ ይህን ስሌት አትረሳውም።

የመቀነስ ነገር በዝናብ አይስተካከልም። 403 ሲቀነስ 178 ብላችሁ ጠይቁ፤ 375 የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ በየረድፉ ትንሹን ከትልቁ እየቀነሰ ነው፤ 3 ከ8 ሲያንስበት ገልብጦ 5 ይላል፣ 0 ከ7 ሲያንስበትም 7። «ተሳስተሃል» ማለት አይጠቅመውም። አራቱን መቶ በ3 መቶና በ10 አሥር፣ ከአሥሮቹ አንዱን በ10 አንድ ዘርዝሮ፣ በእንጨት ነዶ ማሳየት ነው። መልሱ 225 መሆኑን ራሱ ይደርስበታል።

አካባቢ ሳይንሱ ሰሜን ሸዋ ላይ እጅግ ያምራል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ስለሚለዋወጥ ልዩነቱ ወደ 9 ዲግሪ ይሆናል፤ ልጁ አባዝቶ ያግኘው። ከጣርማ በር ተራራ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ውሃ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል፣ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። አንድ ደመና ውሃውን ለሁለት ይከፍላል ማለት ነው።

የባቄላ ዘር ማብቀልም የዚህ ወቅት ሥራ ነው። አንድ ሌሊት ተነክሮ ይደር፤ ከዚያ ብርጭቆ ጎን ላይ በእርጥብ ጨርቅ ተደግፎ ይቀመጥ። ውሃው ዘሩን ካጠለቀው አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በደጋ ብርድ ሥሩ ዘግይቶ ስለሚወጣ ልጁ ተስፋ ቆርጦ እንዳይጥለው ቀድሞ ይነገረው።

አማርኛ ላይ ሳድስ ፊደል ከሁሉ የበለጠ ያስቸግራል፤ ቅርጹ ከፊደል ፊደል ይለያያል፣ ድምፁም አንዴ ይሰማል አንዴ አይሰማም። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅ ደግሞ በጽሕፈት አይታይም። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውሃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ዋነኛ ነው፤ «ገና» ላልቶ «እስካሁን»፣ ጠብቆ በዓሉ። ጮክ ብሎ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የዝናብ መዝገቡ ጎን በየቀኑ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ ደመናው ከየት መጣ፣ ጉሙ መቼ ገለጠ። «ዛሬ ዘነበ» ብቻ ከሆነ መልሱለት።

እንግሊዝኛውም ከዚያው መዝገብ ይወጣል። ዛሬ እየዘነበ ከሆነ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ»፣ ትናንት ከሆነ «ኢት ሬይንድ»፤ ልጆች ሁለቱን የሚያደባልቁት ቀኑን ሳያስቡ ስለሚጽፉ ነውና ከቀኑ አጠገብ ይጻፉት። ለሥነ ጥበብ የመንዝ ባና መስመሮች ቀለም እየቆጠሩ ቢሥሉት ንድፍ ይማሩበታል። መዝገቡን በፌስታል ጠቅልሉት፤ የሰኔ ዝናብ ሲጀምር የክፍሉ ክዳን የሚያፈስ ከሆነ የአራት ወር ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቀለሙ ይፈሳል።