የሰው ኮድ እኔ ጊት ውስጥ ምን ይሠራል?

የዴቢያን (የሊኑክስ ስርጭት ነው) ፓኬጅ መሥራት ስጀምር ጊት (የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘው መሣሪያ) ውስጥ የማስቀምጠው የፓኬጁ አሠራር ያለበትን «ዴቢያን» የሚለውን ፎልደር ብቻ ነበር። የአፕስትሪሙ፣ ማለትም የፕሮግራሙ ዋና ሠሪዎች ኮድስ? እሱማ ታርቦል (አንድ ላይ የታሸገ የኮድ ፋይል) ሆኖ ወጥቷል፣ ሲያስፈልገኝ አወርደዋለሁ፣ የሰው ኮድ ምን አገባኝ አልኩ። ሪፖዬ (የጊት ማከማቻዬ) ሚጢጢ ነበረች። ደስ ትላለች።

ደስታው የቆየው አዲስ ቨርዥን እስኪወጣ ነው። አንዷ ፓቼ (እኔ በኮዱ ላይ የማደርገው ማስተካከያ) አዲሱ ላይ አልገባም ብላ እምቢ አለች። ፓቾቹን የሚያስገባልኝ ኪልት የነገረኝ ሁለተኛው ቁራጭ አልገባም ብሎ ብቻ ነው። ኮዱ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ግን ማን ቀየረው? ለምን? ታርቦል ታሪክ የለውም። አሮጌውንና አዲሱን ታርቦል ጎን ለጎን ፈትቼ ልዩነታቸውን ለማየት ዲፍ ሳደርጋቸው የወጣውን ነገር ስክሮል አድርጌ መጨረስ አቃተኝ፤ አብዛኛው ደግሞ ማንም ሰው ያልጻፈው፣ አውቶቱልስ የሚባለው የቢልድ መሣሪያ ያመነጨው የኮንፊገር ፋይል ነው። ማታዬ አለቀ። በመጨረሻ የአፕስትሪሙን ጊት ክሎን አድርጌ ሎጉን (የለውጥ መዝገቡን) ሳይ ፈንክሽኑ ወደ ሌላ ፋይል ተዛውሯል፣ እኔ ፓች የሠራሁለት ችግርም እዚያው ተስተካክሏል። ፓቿ ጭራሽ አታስፈልግም ነበር!

ከዚያ ወዲህ ጊት-ቢልድፓኬጅ (የዴቢያን ፓኬጅ ከጊት መሥሪያ) ነው የምጠቀመው። የአፕስትሪም ኮድ ምንም ሳይነካ በራሱ ብራንች (የጊት ቅርንጫፍ) ይቀመጣል፣ እኔ የምሠራበት ብራንች ላይ መርጅ ይደረጋል (ይዋሃዳል)፣ የዴቢያን ፎልደርም እዚያው ይኖራል። ፓቾቹን ወደ ተራ ኮሚት (ጊት ውስጥ የተመዘገበ ለውጥ) ቀይሮ አዲሱ ቨርዥን ላይ ሪቤዝ ማድረግም (እንደገና መደርደርም) ይቻላል። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ታርቦሉን ስታስገቡ የአፕስትሪሙን ታግ (ጊት ላይ ቨርዥኑን የሚያመለክት ምልክት) የዚያ ኮሚት ወላጅ አድርግልኝ ማለት ትችላላችሁ። ከዚያ ብሌም ስትሉ እያንዳንዷን መስመር ማን እንደጻፋት ከራሳችሁ ሪፖ ሳትወጡ ታያላችሁ።

ይሄ ማያያዝ ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የተጋለጠውን የኤክስዜድ (የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም) ጉድ ታስታውሳላችሁ፤ ቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ድብቅ መግቢያ በር ተቀብሮ ነበር። ተንኮሉን የሚቀሰቅሰው የኤም4 ስክሪፕት (ቢልድ ሲደረግ የሚሠራ) ታርቦሉ ውስጥ ነበር፣ ጊቱ ውስጥ ግን አልነበረም። ፕሮግራመሩ አንድሬስ ፍሬውንድ የኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ኮምፒውተር መግቢያ) ሎጊን ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ባይቆፍር ኖሮ ማን ያውቃል። እኔ አሁን ታርቦል ባስገባሁ ቁጥር ከታጉ ጋር ዲፍ አደርገዋለሁ። ታርቦሉ ብቻ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ተዘርግፎ ይወጣል። ያኔ ይሄ ያድነን ነበር ብዬ ግን አልዋሽም፤ በሺህ የሚቆጠር የመነጨ መስመር መሃል አንዲት የኤም4 ፋይል ማን ልብ ይላታል? ዋናው መርዝ ደግሞ የቴስት ፋይል መስሎ ጊቱ ውስጥም ተቀምጦ ነበር።

ታዲያ ታርቦሉን ትተን ከታጉ ለምን ራሳችን አንሠራም? ይሠራል፣ ብዙዎችም ያደርጉታል። ጊት ሁሌ አንድ ዓይነት ባይት ይሰጠናል ብላችሁ ግን እንዳትተማመኑ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023 ጊትሃብ ላይ የታርቦሉ መጭመቂያ ሲቀየር ይዘቱ ያው ሆኖ ቼክሰሙ (ፋይሉ መቀየሩን የሚያሳየው ቁጥር) አልገጥም አለ፣ የስንቱ ቢልድ ተሰበረ፣ ወዲያው መልሰው ተዉት። ወደ ዴቢያን ደግሞ አንዴ አፕሎድ የተደረገ ታርቦል ለዚያ ቨርዥን በባይቱ ያው መሆን አለበት። ለዚህ ፕሪስቲን-ታርን እጠቀማለሁ፤ ታርቦሉ ከጊቱ ይዘት ያለውን ልዩነት ብቻ በትንሽ ፋይል ይይዝና ታርቦሉን እንደነበረ መልሶ ይሠራዋል።

ሪፖው ያብጣል፣ አዎ። ለአብዛኛው ፓኬጅ ግድ የለኝም፤ እንደ ክሮሚየም (ብራውዘሩ) ያለ ግዙፍ ነገር ለያዘ ሰው የዴቢያን ፎልደሩን ብቻ ቢያስቀምጥ አልፈርድበትም። እኔን የሚያስቸግረኝ ላይሰንስ ነው። ላይሰንሱ ነፃ ያልሆነ (በነፃነት መቀየርና ማሰራጨት የማይፈቅድ) ፋይል ከታርቦሉ ብታወጡትም፣ ታጉን ወላጅ ስታደርጉት ከነታሪኩ ተመልሶ ሪፖው ውስጥ ይገባል። አንድ እንዲህ ያለ ፓኬጅ አለኝ። እሱን ለጊዜው ከታጉ ጋር አላያያዝኩትም፣ ፓቹ እምቢ ባለ ቁጥር አሁንም ሁለት ተርሚናል ከፍቼ ነው የምሠራው።