የምትተኩሰው ቮልሳችን

ዛሬ እሁድ ማታ ነው፣ እጄ አሁንም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ሁለቴ በኦሞ ታጥቤው አልለቅ አለ። ግን ደስ ብሎኛል፣ ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቮልሷ የአባባ ናት። የ1969 ሞዴል፣ ባለ 1300 ሞተር፣ ከኔ በዕድሜ በደንብ ትበልጣለች። ከክረምቱ ማለቂያ ጀምሮ መተኮስ አመጣች። መተኮስ ስል ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ እግሬን ከነዳጅ ላይ ሳነሳ መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ትላለች ከዛ ባንዴ ዷ! አንድ ቀን እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት እናቶች አንዷ ደንግጠው ከነሸክማቸው ዘጭ አሉ። አቁሜ ወርጄ ላነሳቸው ስል "ምነው ልጄ፣ ሰው ልትገድል ነው?" አሉኝ፣ ምን እላለሁ፣ መሬት ብትውጠኝ። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ ስተኩስ (እሷ ስትተኩስ ማለቴ ነው) ጥበቃው ክላሹን ከትከሻው ሲያወርድ በስፖኪዮ አየሁት። ከዛ በኋላ በዛ መንገድ ማለፍ አቆምኩ። በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ድምፅ ይዞ ከተማ መሃል መንዳት ጤና አይደለም።

ጋራዥ ወሰድኳት። ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው) ነው አሉ፣ አራቱም ተቀየረ። ተኮሰች። የካንዴላ ገመድ ነው አሉ፣ ተቀየረ። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ይታጠብ፣ ታጠበ። ከዛ መጨረሻ ላይ "ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድና ይታይ" ተባለ። እኔን እስካሁን የሚያናድደኝ ብሩ አይደለም፣ ካንዴላውም ቢሆን መቀየር ነበረበት። የሚያናድደኝ አንዳቸውም ገብተው ነድተዋት አለመውጣታቸው ነው። መቼ ነው የምትተኩሰው፣ በየት በኩል፣ ስትሞቅ ነው ስትቀዘቅዝ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ትተኩሳለች ስል ዕቃ ይፈታል፣ በቃ።

ቢሾፍቱ ለአባባ ደወልኩ። ገና "ትተኩሳለች" ከማለቴ "ነዳጅ ስትሰጣት ነው ስትለቅላት?" አለኝ። ስለቅ። "በላይ ነው በታች?" እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ሌላ መኪና ቢሆን እኮ ቀላል ነው፣ ከፊት ካስነጠሰ ካርቡራቶር፣ ከኋላ ከተኮሰ ማርሚታ፣ ማለት የጭስ ማውጫው። ቮልስ ግን ሞተሩም ማርሚታውም ካርቡራቶሩም ሁሉም ኋላ ነው የተከመረው፣ ከፊት ወንበር ሆነህ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው የሚመስልህ። አንድ ጓደኛዬን አስነድቼ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ አዳመጥኩ። በታች ነው።

ይሄ ልዩነት ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ነዳጅ ስትሰጣት በላይ በካርቡራቶሩ በኩል የምታስነጥስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቤንዚኑ ሳስቷል፣ ወይ የሆነ ቦታ አየር ይገባል፣ ወይ የመግቢያ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም። እግርህን ስታነሳ በማርሚታ የምትተኩስ ከሆነ ግን ሳይቃጠል ያለፈ ቤንዚን ማርሚታ ውስጥ አየር አግኝቶ ነው የሚነደው። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው፣ ቤንዚኑ ለምን ሳይቃጠል ወጣ፣ አየሩስ ከየት ገባ።

ትናንት ጠዋት የአባባ የድሮ ወዳጅ የሆኑት የሰፈራችን መካኒክ መጡልኝ፣ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ይዘው የመጡት አንድ ካቻቪቴ፣ ሁለት ገመድ የተበየደባት የመኪና አምፖልና ስስ የብረት መለኪያ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ገና ሞተሩ ሳይሞቅ አስነስተው ሁለቱን የጭስ ቱቦዎች በእርጥብ ጨርቅ አፍን አሉኝ። አፈንኩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ። በግራ በኩል እስስስ የሚል ድምፅ። "ና እይ" አሉኝ፣ አራተኛው ሲሊንደር ጋር ማርሚታው ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) የሚገናኝበት ቦታ ዙሪያው በጥላሸት ጠቁሯል፣ መሃላቸው ገብቶ ጭስ እንዳያመልጥ የሚደፍነው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ አልቋል፣ አንዱ ዳዶ ጭራሽ የለም። "ጋሼ፣ ጭስ እኮ የሚወጣ እንጂ የሚገባ አይደለም" አልኳቸው እንደ አዋቂ። ሳቁ። ጭሱ የሚወጣው እየተገፋ በምት በምት ነው፣ በሁለቱ ምት መሃል መልሶ ይስባል፣ በተለይ እግርህን ካነሳህ ይብሳል አሉኝ። አየሩ እንግዲህ ተገኘ።

ቀጥለው እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለውን የስፒንትሮጀኖውን ክዳን ከፈቱት። እዛ ውስጥ እየተከፈተ እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳው ፑንቲና ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት፣ የኔ ወረቀት እንኳ በግድ ነው የሚያሳልፈው። ለካ መሃል ያለውን ዘንግ የሚነካው የፑንቲና እግር ቅባት ሲያጣ እየተበላ ይሄዳል፣ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ሲጠብ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ያኔ እሳቱም ይዘገያል። "ቤት ውስጥ መብላት ሲገባው ምግቡን ይዞ ደጅ ይወጣል" አሉኝ፣ ማለት የጭስ ቫልቭ ሲከፈት እሳቱ ገና ነድዶ አላለቀም። ጋራዥ ያሉት ልጆች ካንዴላ ሲቀይሩ ይሄን ክዳን አንስተው ቢያዩ ኖሮ...

አምፖሏ ሥራዋ እዚህ ነው። አንዱን ገመድ ቦቢና (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ላይ አንዱን ቦዲ ላይ አድርገው ቁልፉን ከፍተው ሞተሩን በእጅ ቀስ እያሉ አዞሩት፣ ፑንቲናው የተከፈተ ሰዓት ቦግ ትላለች። ፑሌጃው (የቺንጋው መዘውር) ላይ ያለችው ምልክት የሞተሩ ሁለት ግማሾች የሚገጥሙበት መስመር ላይ ስትደርስ ነው መብራት ያለባት፣ የኔ ካለፈች በኋላ ነው የበራችው። መጀመሪያ ክፍተቱን አስተካክለው ነው ወደ ፋዜው፣ ማለት እሳቱ ወደሚነሳበት ሰዓት፣ የሄዱት፣ በተቃራኒው ብትሠራ ድካምህ ከንቱ ነው፣ ክፍተቱን በነካህ ቁጥር ፋዜውም አብሮ ይሄዳል። ቫልቮችንም አዩ፣ ደህና ናቸው።

ቤንዚኑ ለምን በዛ ስላቸው ወደ ተራራው ነው የጠቆሙኝ። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡራቶሩ ግን ይሄን አያውቅም፣ ለቆላ የተለካውን ቤንዚን እዚህም ይሰጣል። ለዛ ነው ቦሌ አካባቢ ዝም ብላ ቆይታ እንጦጦ ቁልቁለት ላይ የምታዋርደኝ። አየር በሚገባበት ማርሚታ ላይ የዘገየ እሳት፣ በዛ ላይ የበዛ ቤንዚን።

ከሰዓት ሶማሌ ተራ ሄጄ ጓርኒሲዮን ገዛሁ፣ ዋጋው ከሁለት ማኪያቶ አይበልጥም፣ ያን ሁሉ ብር የት ነው የከሰከስኩት ብዬ እዛው ቆሜ ሳቅኩ። ዛሬ ከቤተክርስቲያን መልስ ገጠምነው። የዛገውን ቡሎን ስፈታ እንዳይሰበር ትንፋሼን ይዤ ነበር፣ አልተሰበረም፣ ተመስገን።

ከዛ እንጦጦ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ መስኮቱን አውርደው ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጥለዋል። ሁለተኛ ማርሽ፣ ቁልቁለት፣ እግሬን አነሳሁ። ምንም። ቀጣዩ ኩርባ ላይ አንድ ትንሽዬ ጠቅ አለች፣ አየኋቸው፣ "እሷን ተዋት" አሉኝ።

ቤት ስደርስ ለአባባ ደወልኩ። ዝርዝሩን ልነግረው ስጀምር አቋረጠኝ፣ "እስቲ አስነሳትና ስልኩን አስጠጋልኝ" አለ። ኮፈኑን ከፍቼ ስልኩን ሞተሩ ጋር ያዝኩት። አንድ ደቂቃ የሚሆን ዝም አለ፣ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን ሁሉ አየሁ።

"ቆማ ስትሠራ ሚኒሞዋን ትንሽ ዝቅ አርግላት" አለኝ።