ሙሻ ደሴት ላይ የተነሳው ዛጎል

ጅቡቲ ውስጥ ወደ ሙሻ ደሴት ቱሪስት የሚያመላልስ ጀልባ ላይ ነው የምሰራው፣ ሀበሻ እንግዳ ሲመጣ ደሞ አማርኛ ስለምችል ሁሌ እኔ ነኝ የምይዛቸው። በቀደም ከአዲስ አበባ ከመጡት ውስጥ አንድ አባት ውሃው ጎደል ባለበት ሰዓት የሞተ ኮራል ገልብጠው ከስሩ ዛጎል አነሱ፣ ቡኒ መስመር የተዘበራረቀበት ቆንጆ ነገር፣ እና ለትንሿ ልጃቸው ሊሰጧት እጃቸውን ዘረጉ።

"ጋሼ ይጣሉት! ውሃው ውስጥ ይጣሉት አሁኑኑ!" ብዬ ጮህኩ። እሳቸው "ኧረ በሰፊው በኩል ነው የያዝኩት፣ ደሞ ቀንድ አውጣ ምን ያደርጋል?" ይሉኛል። ይሄኔ ከጠባቡ ጫፍ አንድ ቀጭን ነገር ብቅ ብሎ ወደ ጣታቸው መዞር ሲጀምር ራሳቸው አይተው ለቀቁት። እግዜር ይመስገን አልነካቸውም።

ዛጎሉ ውስጥ ያለው መርዛማ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፣ ኮነስ ጂኦግራፈስ ይባላል፣ ቀይ ባሕርም ሕንድ ውቅያኖስም ውስጥ አለ፣ እስከ 15 ሳንቲ ይደርሳል፣ ማታ ማታ አሳ ያድናል። ቀንድ አውጣ አሳ ሮጦ አይደርስበትም አይደል፣ ስለዚህ ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ኢንሱሊን ይለቅበታል፣ አዎ ኢንሱሊን! አሳው ስኳሩ ወርዶ ሲፈዝ አፉን እንደ ጆንያ ከፍቶ ይውጠዋል። ጥርሱ ውስጡ ክፍት ነው፣ መርዙ በዛ ነው የሚገባው፣ ያንን ጥርስ የሚተፋበት ቱቦ ደሞ ወደ ኋላም ስለሚዞር በዚህ በኩል ብይዘው ይሻላል የሚባል ነገር የለም።

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ሲወጋ ብዙ ላያም መቻሉ ነው፣ ሰውዬው ምንም አልሆንኩም ብሎ ሲዝናና ሰውነቱ እየደነዘዘ ሄዶ መተንፈስ ያቅተዋል። በፈረንጆቹ 1935 አውስትራሊያ ሄይማን ደሴት ላይ አንድ ወጣት በዚሁ ሞቷል። ማርከሻ መድኃኒት ደሞ የለውም፣ ሐኪም ቤትም የሚያደርጉለት መርዙ እስኪለቀው ትንፋሹን መደገፍ ነው። እኛ ደሞ ከሙሻ ከተማ እስክንገባ መንገድ ላይ ነን፣ ስለዚህ የተወጋውን እጅ በፋሻ ጠበቅ አድርጎ ጠቅልሎ ሳያንቀሳቅሱ መውሰድ፣ ትንፋሽ ካጠረው በአፍ መስጠት፣ ይሄን ጀልባው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ማወቅ አለበት።

አለቃችን ግን እንግዳ ታስፈራራለህ፣ ስለ ላይፍ ጃኬት ብቻ ንገር ነው የሚለኝ። አልተስማማሁም፣ ልጅቷ እጇን ዘርግታ አይቻለኋ! አሁን ገና ከጀልባ ሳይወርዱ ፎቶውን በስልኬ አሳያቸዋለሁ፣ ባዶ ቢመስልም ማንም ዛጎል እንዳያነሳ፣ ጓንት አድርጌያለሁ የሚል ካለም ጥርሱ ጓንት እንደሚበሳ እነግረዋለሁ።