የአባቴ ቀይ እስክርቢቶ

«ከወላጆችሽ መካከል የባችለር ዲግሪ ያለው አለ?» ይላል ቅጹ፤ ከሥሩ ሁለት ባዶ ሳጥኖች። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ያነብ ነበር። ምንም አላለም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየና ወደ ሥራው ሄደ።

አባቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ በደሴ መምህራን ማሠልጠኛ አንድ ዓመት የሠለጠነ፣ ወልድያ አካባቢ 16 ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። በሰፈር ሲያልፍ ልጆች ኳሳቸውን በእግራቸው ረግጠው እስኪያልፍ ይጠብቁት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ዲቪ ደርሶን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ገባን፤ እሱም ዋሽንግተን ውስጥ ከአንድ ሕንፃ ሥር ባለ የመኪና ማቆሚያ ተቀጠረ። እዚህ አገር ደግሞ ሕጉ የሚቆጥረው ዲግሪን ነው፤ ከወላጆቹ አንዳቸውም የአራት ዓመት ዲግሪ ከሌላቸው፣ ልጁ «የመጀመሪያ ትውልድ» የኮሌጅ ተማሪ ይባላል። ሠርተፍኬት አይቆጠርም። ወልድያም አይቆጠርም።

ቅጹ ትሪዮ የሚባለው የተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ነበር። ትሪዮ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1964፣ በ1965 እና በ1968 ከተጀመሩ ሦስት የፌዴራል መርሐ ግብሮች ሲሆን፣ ሦስተኛው ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎች ሳይጨርሱ እንዳይወጡ የሚደግፍ ነው። በ2013 መኸር እዚያ ቢሮ የገባሁት ድጋፍ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ። በነፃ ያትማሉ ሲባል ሰምቼ ነው።

ከዚያ በፊት የፋፍሳን ፈተና አልፈን ነበር። ፋፍሳ የመንግሥት የትምህርት ዕርዳታ ማመልከቻ ነው። እናቴ ስሙን ስትሰማ «ፋፋ? በቤታችን ሕፃን አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም፤ የግብር ወረቀቱን ለዩኒቨርሲቲ ማሳየት ገመናን አደባባይ ማውጣት መሰለው። በዚያ ዓመት በዚህ ማመልከቻ የሚገኘው፣ ፔል የሚባለው የመንግሥት ዕርዳታ ከፍተኛው መጠን 5,645 ዶላር ነበር። የማይመለስ ገንዘብ መሆኑን የሚገልጸውን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አስነብቦኝ ነው የፈረመው።

የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፈተና ውጤቴ 41 ከመቶ ሆነ። ኮርሱን ልተወው ወሰንሁና በትሪዮ ቢሮ ላለችው አማካሪዬ ነገርኋት። የምዕራብ ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ልጅ ናት፤ እሷም በቤቷ ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ ነበረች። አላባበለችኝም። ወረቀት አውጥታ ቀነሰችልኝ። 13 ክሬዲት ይዣለሁ፤ ኬሚስትሪ 4 ነው፤ 9 ይቀራል። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል ደግሞ 12 ያስፈልጋል፤ ካነሰ ዕርዳታውም ይነካል። ይህን እስከዚያች ቀን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። «ሲላበሱን አንብበሻል? መምህሩን በቢሮ ሰዓቱ አነጋግረሻል?» አለችኝ። ሁለቱንም አላደረግሁም። ወደ መምህራን ቢሮ የሚሄድ ተማሪ ጥፋተኛ ነው ብዬ ነው ያደግሁት፤ ያውም የመምህር ልጅ ሆኜ!

ያን ቀን ማታ ሲላበሱን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳለ አባቴ ከሥራ ገባ። ኮቱ የመኪና ጭስ ይሸታል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የኮርሱ ዝርዝር ነው፣ አባዬ።»

አነሳው። አንድ ገጽ ገለጠ፤ ሁለተኛውን ገለጠ፤ ሳይቀመጥ፣ ኮቱን ሳያወልቅ። «ይህማ የትምህርት ዕቅድ ነው! በየዓመቱ ስጽፈው የኖርሁት!» አለ። ድምፁ ወደ ድሮው ሲመለስ ሰማሁት። ከደረት ኪሱ የመኪና ማቆሚያ ደረሰኞች ላይ ምልክት የሚያደርግበትን ቀይ እስክርቢቶ አወጣና ማስመር ጀመረ።

«ፈተናው አራት ነው። ዝቅተኛው ውጤት አይቆጠርም ይላል። አይተሽዋል?»

አላየሁትም።

«መምህሩ ማክሰኞና ሐሙስ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ተማሪ እቀበላለሁ ብሎ ጽፏል። ሰው በጽሑፍ ጠርቶሽ እንዴት ትቀሪያለሽ?» ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ ነው ያነበበልኝ።

ሐሙስ ዕለት ሄድሁ። ኮርሱንም በ«ቢ» ጨረስሁ።

አሁን በሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያው ዓይነት ቢሮ እሠራለሁ። ሥራችን ያን ያህል ረቂቅ አይደለም፤ አስጠኚ መመደብ፣ ቅጽ ማስሞላት፣ ሌሊት ሠርቶ ጠዋት ክፍል የሚያንቀላፋውን ልጅ የኮርስ ሰዓት ማስተካከል። የሚያናድደኝ ግን አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያሉ ቢሮዎች፣ የእኔውን ጨምሮ፣ ወላጆችን ከነጭራሹ የማያውቁ አድርገን እናያቸዋለን። የወላጆች ቀን የሚዘጋጀው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ የእኛ ወላጆች ሥራ ላይ ናቸው። ደውለው የልጃቸውን ውጤት ሲጠይቁኝም መልስ የለኝም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የተማሪ መዝገብ ሕግ መሠረት ልጁ ኮሌጅ ከገባ የመዝገቡ ባለመብት ራሱ ነው። «እኔ ወልጄ፣ እኔ አሳድጌ፣ እኔ ከፍዬ!» ብለው ስልኩን የዘጉብኝ አባት አሉ። አልተቀየምኋቸውም።

ስለዚህ ተማሪዎቼን «ወላጆቻችሁን በሚመቻቸው ቀን ይዛችሁ ኑ» እላለሁ። ሲመጡ የኮርሱን ዝርዝርና አንድ ቀይ እስክርቢቶ እሰጣቸዋለሁ።

ባለፈው መስከረም አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ድሬዳዋ ሱቅ ነበራቸው። እንግሊዝኛው አልሆነላቸውም፤ ልጅቷ እያንዳንዱን መስመር ስታስረዳቸው እሳቸው ዝም ብለው የእያንዳንዱን ፈተናና ሥራ የውጤት ድርሻ የሚያሳዩትን የመቶኛዎች ረድፍ በጣታቸው እየተከተሉ ወደ ታች ወረዱ። ሲጨርሱ ከሥሩ በቀይ 95 ብለው ጻፉ።

«አምስቷስ የት ገባች?» አሉኝ።

እኔም ደመርሁ። 95። ልጅቷ ለመምህሩ ጻፈች፤ በማግስቱ የታረመው ዝርዝር ለክፍሉ በሙሉ ተላከ።