አንበሴ ከጋቢና የወረደበት ቀን

አንበሴ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻዬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ መኪናዬ ውስጥ እንደ ረዳት ጋቢና ተቀምጦ፣ አንገቱን በመስኮት አስግጎ፣ ጆሮዎቹን ነፋስ እያርገበገበለት ተጉዟል። ያየው ሁሉ ፈገግ ይላል፤ እኔም እኮራ ነበር።

ኩራቴ የበረደው ከፊቴ ያለው መኪና ድንገት የቆመ ዕለት ነው። ፍጥነቴ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበር። ፍሬን ስይዝ አንበሴ ከክሩስኮቱ ጋር ተላትሞ ከወንበሩ ሥር ወደቀ። ከዚያም ደንግጦ መሸሸጊያ ሲፈልግ ወደ እኔ እግር ገባ። ፍሬኑን ዳግመኛ ልረግጥ ስል የረገጥኩት የእሱን ጀርባ ነው። ደግነቱ ሁለታችንም ተርፈናል።

ማታ ወረቀት አውጥቼ ሂሳቡን ሠራሁ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ሲቆም፣ ውስጡ ያለ ያልታሰረ ነገር በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይቀጥላል። ይህ ወደ 10 ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ወድቆ መሬት ከመምታት አይለይም። በ80 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው 25 ሜትር ይደርሳል። አንበሴን ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ጫፍ ላይ አስቀምጬው አላውቅም፤ መኪና ውስጥ ግን በየቀኑ አስቀምጠው ነበር።

የመጀመሪያ መፍትሔዬ የባሰ ሆነ። የአንገቱን ገመድ ከኋላ ወንበር ራስ መደገፊያ ጋር አሰርኩት። ይህን ለእንስሳት ሐኪሙ በኩራት ስነግረው፣ «አንተ የመኪና ቀበቶህን አንገትህ ላይ ነው የምታስረው?» አለኝ። ግጭት ቢፈጠር የሰውነቱ ክብደት በሙሉ አንገቱ ላይ ያርፍ ነበር።

ስለዚህ ደረቱንና ትከሻውን በሰፊው የሚያቅፍ ማሰሪያ ገዛሁ። ለሽርሽር ተብሎ የሚሸጠው ቀጭን ማሰሪያ ጉተታን እንጂ ግጭትን ታስቦ አልተሠራም፤ ለመኪና የተሠራውና በግጭት የተፈተነው ሌላ ነው። ከሰውነቱ ጋር ገጥሞ ሁለት ጣት ብቻ ማሳለፍ አለበት። በጀርባው በኩል ያለውን ቀለበት በአጭር ጠፍር ከኋላ ወንበር ቀበቶ መቆለፊያ ጋር አያያዝኩት። ለማያያዣ መጀመሪያ የተጠቀምኩበት መንጠቆ ለቁልፍ መያዣ የተሠራ ኖሮ በእጄ ሳብ ባደርገው ተከፈተ። የጠፍሩን ልክ ለማግኘት ደግሞ አንበሴን አስቀመጥኩት፣ አስተኛሁት፣ ከዚያ ወደ ፊት ጠራሁት። ሁለቱን እንደልቡ ካደረገና ወደ ፊት ወንበሮቹ መድረስ ካልቻለ ልኩ ያ ነው። ረዘም ሲል ከወንበሩ ይወድቅና ይንጠለጠላል።

ጋቢና እንዲመለስ የለመነኝ ልጄ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ጋቢና ፊት ያለው ኤርባግ፣ ማለትም በግጭት ጊዜ ተነፍቶ የሚወጣው የአየር ከረጢት፣ የተሠራው ለሰው ነው፤ ሲፈነዳ ውሻን ሊገድል ይችላል።

ዕቃውን መግዛት የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ አንበሴን ማሳመን ሦስት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ ማሰሪያውን ቤት ውስጥ ለብሶ ምግቡን በላ። ቀጥሎ ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ ታስሮ ተቀመጠ፤ ከዚያ ሞተሩ ተነሣ፤ ከዚያ አጭር ዙር ዞርን። በሁለተኛው ሳምንት ቸኩዬ ረጅም መንገድ ወሰድኩትና ጠፍሩን በጥርሱ ቆርጦ ጠበቀኝ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። ጎረቤቴ ትንሿን ውሻዋን በሳጥን ነው የምታጓጉዛት፤ እሱም ጥሩ ነው፣ ሳጥኑ ራሱ እስከታሰረ ድረስ። አለዚያ የሚወረወረው ዕቃ ሳጥንና ውሻ ሆነ ማለት ነው።

ታስሯል ብዬ መኪና ውስጥ ብቻውን አልተወውም። ውጭው 24 ዲግሪ ሲሆን የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ ወደ 34፣ በግማሽ ሰዓት ከ40 በላይ ሊደርስ ይችላል።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን መኪናው ከቆመ በኋላ የሆነው ነው። በሩን ከፍቼ ጠፍሩን ስፈታ አንበሴ በብብቴ ሥር ሾልኮ አስፋልቱ መሀል ገባ። የጭነት መኪናው ሹፌር ባይነቃ ኖሮ ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ሌላ ውሻ ነበር። አሁን በሩ እንደተዘጋ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ የእጅ ገመዱን ከማሰሪያው ጋር አያይዛለሁ፣ ጫፉን በእጄ እጠቀልላለሁ፣ ጠፍሩን የምፈታው ከዚያ ነው። አንበሴ ይህን ሁሉ ሲጠብቅ ያዛጋል።